የሪሴፕሽኑ ኮምፒውተር ላይ «ጥቅስ የሌለው የሰርቪስ ፓዝ» ወጣ፤ ሶፍትዌሩን የሸጡልን ሰዎች ግን «ምንም አይደለም» ይላሉ

ሽምብጥ_ነኝ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ጣና ዳር ያለ አንድ መለስተኛ ሆቴል ነው የምሠራው። የሥራ መደቤ «አይቲ» ይላል። ከዋይፋይ እስከ ቴሌቪዥን ሪሞት ድረስ ግን ሁሉም ወደ እኔ ነው የሚመጣው። የዛሬው ጉዳዬ የሪሴፕሽኑ ኮምፒውተር ነው።

ድሮ ሪሴፕሽን ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ በአድሚን አካውንት ነበር የሚገባው። ከፍላሽ የሚመጣው የሾርትከት ቫይረስ ሲያማርረኝ ለእያንዳንዱ ፈረቃ ተራ የዩዘር አካውንት ከፈትኩ። አድሚኑ እኔ ጋ ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቫይረሱም ቀንሷል፣ «ሳላውቅ ጫንኩት» የሚባል ነገርም ቀርቷል።

ሰሞኑን ደግሞ ሳይበር ሴኩሪቲ የሚማር ጓደኛዬ ሥራ አስኪያጁን አስፈቅዶ ኮምፒውተሩን በድክመት መፈተሻ ሶፍትዌር አየልን። ሪፖርቱ ላይ ሦስት ሰርቪሶች (ከበስተጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች) በአንድ ርዕስ ሥር ወጡ። ፓዛቸው (የፋይላቸው አድራሻ) በትምህርተ ጥቅስ አልታጠረም ይላል። ደረጃውም በቀይ «ከፍተኛ» ተብሎ ተጽፏል።

አንደኛው የሆቴሉ ሶፍትዌር የባክአፕ ሰርቪስ ነው። ክፍል የሚያዘው፣ ሒሳብ የሚዘጋው፣ ወደ ዘጌ የሚሄድ እንግዳ ጀልባ የሚመዘገብለት ሁሉ በዚህ ሶፍትዌር ነው። የተጫነው ዲ ላይ ነው፤ ፓዙም ዲ:\ሆቴል ማኔጀር\ዳታ ባክአፕ\ሰርቪስ.ኢኤክስኢ ይላል። ሁለተኛው ከፕሪንተሩ ጋር የመጣ ነገር ነው፤ ሲ ላይ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ነው ያለው። ሦስተኛው የድሮዎቹ የደኅንነት ካሜራዎች ሶፍትዌር ነው። ካሜራዎቹ ከተነቀሉ ቆይተዋል። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ ሲ:\ካሜራ ቪው የሚለውን ፎልደር እንዳለ ሰርዞታል። ሰርቪሱ ግን አሁንም ዝርዝሩ ውስጥ ስሙ አለ።

የሆቴሉን ሶፍትዌር የሸጡልን ሰዎች ጋ ደወልኩ። «እንዲህ ዓይነት ዝባዝንኬ ሁሌ ያወጣል፤ ስንት ደንበኛ ጋ ያለችግር እየሠራ ነው፤ አትንኪው» አሉኝ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «ከፍተኛ» የሚለውን ቀይ ጽሑፍ አይቶ በየቀኑ «ምን ደረሰ?» እያለ ይጠይቀኛል።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። ትምህርተ ጥቅስ ስለጎደለ ብቻ ነገሩ እንዴት «ከፍተኛ» ይሆናል? ሪሴፕሽን ላይ የተግባር ልምምድ ተማሪዎች ይቀመጣሉ። የማታው ፈረቃ ብቻውን ያድራል። ማንንም እየጠረጠርኩ አይደለም። ግን ተራ ዩዘር ያደረግኳቸው እንዲያው በከንቱ ነው ወይስ ይጠቅማል?

---

ዳሞት፦

ወንድም፣ እንቅልፍህን አትጣ። ይቺ ነገር የማትወጣበት ኮምፒውተር የለም። አጥቂው እኮ ሲ ላይ «ፕሮግራም.ኢኤክስኢ» የሚባል ፋይል ማስቀመጥ አለበት። እሱን ለማስቀመጥ አድሚን መሆን አለበት። አድሚን ከሆነ ደግሞ ምን አደከመው? የሚፈልገውን በቀጥታ ያደርጋል። ለሥራ አስኪያጅህ «ተስተካክሏል» በለውና ተገላገል።

---

ጠጋኙ፦

ዳሞት፣ ያልከው ለሲ ድራይቭ ልክ ነው። የጠያቂዋ ሶፍትዌር ያለው ግን ዲ ላይ ነው። ደግሞ እህታችን እንጂ ወንድማችን አይደለችም፤ ሰዎቹ «አትንኪው» ነው ያሏት።

እህቴ፣ መጀመሪያ አሠራሩን ልንገርሽ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዊንዶውስ ሰርቪሶቹን ያስነሣል። የትኛውን ፋይል ማስነሣት እንዳለበት የሚያነበው ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ውስጥ ከተጻፈ አንድ መስመር ነው። መስመሩ በትምህርተ ጥቅስ ከታጠረ ጣጣ የለውም፤ በጥቅሶቹ መካከል ያለው እንዳለ የፋይሉ አድራሻ ነው። ካልታጠረ ግን አድራሻው የት ላይ እንደሚያበቃ አያውቅም። ከፋይሉ ስም ቀጥሎ ስፔስ ተሰጥቶ ተጨማሪ ትእዛዝ ሊጻፍ ይችላላ! ስለዚህ ከግራ ጀምሮ ስፔስ ባገኘ ቁጥር ቆም ይልና «እዚህ ጋ አልቆ ይሆን?» እያለ ይሞክራል።

ያንቺን እንይ። መጀመሪያ ዲ:\ሆቴል.ኢኤክስኢ አለ ወይ ብሎ ይፈልጋል። ከሌለ ዲ:\ሆቴል ማኔጀር\ዳታ.ኢኤክስኢን ይፈልጋል። እሱም ሲጠፋ ነው ትክክለኛው ፋይል ላይ የሚደርሰው። እስከዛሬ ባክአፑ በሰላም የተነሣው በእነዚህ ሁለት ስሞች የተቀመጠ ፋይል ስለሌለ ነው። አንድ ሰው በአንዱ ስም የራሱን ፕሮግራም ቢያስቀምጥ ዊንዶውስ ሳይጠይቅ ያንን ያስነሣል። የሚያስነሣውም በዚያ ሰው አካውንት አይደለም፣ ሰርቪሱ በሚሠራበት አካውንት ነው። ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሎካል ሲስተም ነው፤ ለዚህ አካውንት ኮምፒውተሩ ላይ የተዘጋ በር የለም ማለት ይቻላል። ተራ ዩዘር ያደረግሽው ሰው በአንድ ሪስታርት ካንቺ በላይ ሆነ ማለት ነው።

ነገሩ የታወቀ ነው። በሶፍትዌር ድክመቶች ዝርዝር ላይ ሲደብሊውኢ 428 ይባላል። የአጥቂዎችን ዘዴዎች በሚመዘግበው የማይትር አታክ ዝርዝር ላይም ቲ1574.009 ተብሎ ተመዝግቧል። ጓደኛሽ ሪፖርቱን ሲያብራራ በእነዚህ ቁጥሮች ይፈልግ።

እንግዲህ ሁሉም ነገር የሚወሰነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ዊንዶውስ በሚሞክራቸው ቦታዎች ላይ ፋይል ማስቀመጥ የሚችለው ማን ነው? መፈተሻ ሶፍትዌሮች ብዙ ጊዜ ይኼን አያዩም። ጥቅሱ መጉደሉን ብቻ አይተው ሁሉንም ቀይ ይቀቡታል። ያንቺ ሦስት መስመሮች እኮ ክብደታቸው ለየቅል ነው።

የፕሪንተሩ ቀላል ነው። ዊንዶውስ ሲጫን በተሰጠው ፈቃድ ተራ ዩዘር በሲ ሥር ላይ በቀጥታ ፋይል መፍጠር አይችልም። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥም መጻፍ አይችልም። ስለዚህ ፈቃዱን ማንም ካልነካካው ይኼኛው ዳሞት እንዳለው ነው። የፕሪንተሩን ሶፍትዌር ስታሻሽዪ ይስተካከል ይሆናል፤ ካልተስተካከለ ጥቅሱን ራስሽ ትጨምሪለታለሽ። አይቸኩልም።

የካሜራው ይገርምሻል። ብዙ ሰው «ፋይሉ ከሌለ ምን ያመጣል» ብሎ ያልፈዋል። ተራ ዩዘር በሲ ሥር ላይ ፋይል መፍጠር አይችልም ብያለሁ። ፎልደር ግን መፍጠር ይችላል! የፈጠረው ፎልደር ውስጥ ደግሞ የፈለገውን ያስቀምጣል። የተሰረዘውን «ካሜራ ቪው» ፎልደር በዚያው ስም መልሶ ቢፈጥርና ሰርቪሱ በሚፈልገው ስም ፋይል ቢያስቀምጥ፣ ዊንዶውስ «የድሮ ወዳጄ ተመለሰ» ብሎ ያስነሣለታል። እዚህ ላይ ጥቅስ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። ይኼን ሰርቪስ አጥፊው፣ ዛሬውኑ። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚን ከፍተሽ ኤስሲ በሚለው ትእዛዝ ዲሊት ታደርጊዋለሽ። የምትጽፊው የሰርቪሱን ውስጣዊ ስም ነው፤ ዝርዝሩ ላይ የሚታየው ረጅሙ ስም አይሠራም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ዲ። ሁለተኛ ድራይቭ በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ሲደረግ ዊንዶውስ «ኦተንቲኬትድ ዩዘርስ» ለሚባለው ቡድን የሞዲፋይ (የመጻፍ፣ የመለወጥና የመሰረዝ) ፈቃድ ይሰጣል። ይኼ ቡድን ማለት በስሙና በፓስወርዱ የገባ ሰው ሁሉ ነው። የማታ ፈረቃውም ተለማማጁም እዚህ ውስጥ አሉ። ለዶክመንት ማስቀመጫ ቢሆን ክፋት የለውም። ድራይቩ ፋት32 ከሆነማ ጭራሽ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም።

እኛ አገር ደግሞ ልማዳችን ይታወቃል። «ዊንዶው ሲፎረመት እንዳይጠፋ» ብለን ሶፍትዌሩን ከነነፍሱ ዲ ላይ እንጭነዋለን። ቀበሌ 14 ያለችው ጥገና ቤቴ የሚመጣው የፋርማሲው ኮምፒውተር እንደዚያ ነው፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብሩም እንደዚያ፣ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫውም እንደዚያ። ዳታውን ዲ ላይ ማስቀመጥ ደግ ነው። በሎካል ሲስተም የሚነሣ ኢኤክስኢ ግን እዚያ ምንም ጉዳይ የለውም። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ሰርቪሱ ሬጂስትሪው ውስጥ የነበረው መስመር አብሮ ይጠፋልና፣ ፎልደሩ ቢተርፍ እንኳ ሶፍትዌሩ እንደገና መጫኑ አይቀርም። ታዲያ ምኑን አተረፍነው?

ለዚህ ነው ጥቅሱን ብቻ ብታስተካክዪ ችግሩ አይፈታም የምልሽ። ፎልደሩ ውስጥ መጻፍ የሚችል ሰው ሆቴል.ኢኤክስኢ ብሎ መፈላሰፍ አያስፈልገውም። ራሱን ሰርቪስ.ኢኤክስኢን ይለውጠዋል። ሰርቪሱ እየሠራ እያለ ፋይሉ አይሰረዝም፤ ስሙን መቀየር ግን ይቻላል። ስሙን ቀይሮ በቦታው ሌላ ያስቀምጣል፤ አለቀ። በሩን በደህና ቁልፍ ቆልፎ ግድግዳውን ሳይሠሩ መተው በይው።

«ሰርቪሱን ሪስታርት ማድረግ የሚችለው አድሚን ነው» የሚል ካለ፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ የሚችለው ግን ማንም ነው። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ መብራቱ በነፃ ሪስታርት ያደርግልሻል። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ የሚይዝ ዩፒኤስ ያለው ሪሴፕሽን ስንት ነው?

በዓይንሽ አረጋግጪ። ሩን ላይ ሰርቪስስ.ኤምኤስሲ ብለሽ ክፈቺና የባክአፑን ሰርቪስ ፕሮፐርቲስ እዪ። ፓዙን እዚያው ታገኚዋለሽ። «ሎግ ኦን» የሚለው ታብ ላይ በየትኛው አካውንት እንደሚሠራ ይነግርሻል። ቀጥሎ «ሆቴል ማኔጀር» ፎልደር ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ፣ አድቫንስድ። «ኢፌክቲቭ አክሰስ» የሚል ታብ አለ። የማታ ፈረቃውን አካውንት ስም አስገቢበት። ፋይል መፍጠርና መለወጥ ላይ አረንጓዴ ምልክት ካየሽ ሪፖርቱ «ከፍተኛ» ያለው እውነቱን ነው።

ማስተካከያው ላይ የኔ ምርጫ ዳታውን ባክአፕ አድርጎ፣ ሶፍትዌሩን አጥፍቶ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ እንደገና መጫን ነው። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 10 ከሆነ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ስለዚህ በዚያው ወደ 11 ብታሻግሪው አንድ ድካም ነው። የፈቃድ ቁልፉ ጣጣ አለው ካሉሽና ዲ ላይ መቆየት ካለበት ግን ፎልደሩን ቆልፊው። አድቫንስድ ውስጥ ኢንሄሪታንስን (ከድራይቩ የሚወርሰውን ፈቃድ) ዲስኤብል በዪ። ሲጠይቅሽ የነበረውን ፈቃድ ወደ ራሱ እንዲገለብጥ ምረጪ፤ «ሁሉንም አጥፋ» የሚለውን እንዳትጫኚ። ከዚያ ኦተንቲኬትድ ዩዘርስንና ዩዘርስን ማንበብና ማስነሣት ብቻ እንዲችሉ አድርጊ። ሲስተምንና አድሚኒስትሬተርስን አትንኪ። «ኦውነር» የሚለውንም አደራ እዪው። ባለቤት ተብሎ የተጻፈው ተራ ዩዘር ከሆነ የነሣሽውን ፈቃድ ለራሱ መልሶ መስጠት ይችላል። አድሚኒስትሬተርስ መሆን አለበት።

ጥቅሱ መጨረሻ ላይ ነው። ሬጂስትሪ ኤዲተር፣ ሎካል ማሽን፣ ሲስተም፣ ከረንት ኮንትሮል ሴት፣ ሰርቪስስ፣ ከዚያ የሰርቪሱ ስም። መጀመሪያ ኤክስፖርት አድርገሽ ቅጂ ያዢ። «ኢሜጅ ፓዝ» የሚለውን ከፍተሽ ከዲ እስከ ኢኤክስኢ ያለውን በጥቅስ እጠሪ። ከኢኤክስኢ በኋላ ሌላ ትእዛዝ ካለ ከጥቅሱ ውጭ ይቅር። እሱንም አብረሽ ካስገባሽው ሰርቪሱ አይነሣም፤ ያን ጊዜ ሰዎቹ «አትንኪው አላልንም?» ሊሉሽ ነው።

---

ዳሞት፦

እህታችን፣ ይቅርታ 😄። ግን ሬጂስትሪ ውስጥ ከመግባትሽ በፊት ሞክረሽ እዪው እንጂ። ካልኩሌተርን ኮፒ አድርጊና ሆቴል.ኢኤክስኢ ብለሽ ዲ ላይ አስቀምጪ። ሪስታርት ስታደርጊ ካልኩሌተር ከመጣ እውነት ነው፣ ካልመጣ ጋሽ ጠጋኙ አጋንኗል።

---

ጠጋኙ፦

አታድርጊው። ካልኩሌተሩ ቢነሣም አታይውም። ከቪስታ ጀምሮ ሰርቪሶች የሚሠሩት «ሴሽን ዜሮ» በሚባል ለብቻው በተከለለ ቦታ ነው፤ መስኮታቸው ሰው ፊት አይመጣም። «አልመጣም፣ እንግዲያው ሰላም ነው» ብለሽ የተሳሳተ መልስ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ምናልባት የምታዪው ስሕተት 1053ን ነው፦ ሰርቪሱ በጊዜው መልስ አልሰጠም የሚለውን። ካልኩሌተር እንደ ሰርቪስ መልስ መስጠት አያውቅም፤ ዊንዶውስ ደግሞ በተለመደው አሠራሩ 30 ሰከንድ ጠብቆ ተስፋ ይቆርጣል። በዚያ ላይ የዚያን ቀን ባክአፕ የለም። እንግዳ በሞላበት ቀን ቢሆን ማን ይጠየቃል? ዳሞት አይደለም። ኢፌክቲቭ አክሰስ ምንም ሳያበላሽ እቅጩን ይነግርሻል።

---

ኮድና ቡና፦

እኔ ሶፍትዌር ከሚጽፉት ወገን ነኝ። ጋሽ ጠጋኙ ብዙውን ስለጨረሰው ከእኛ በኩል ያለውን ላንሣ።

ሰዎቹ ጥቅሱን ሳይጽፉት ቀርተው ላይሆን ይችላል። ጽፈውት ተበልቶባቸው ይሆናል። ብዙ የመጫኛ ፋይሎች ሰርቪሱን የሚመዘግቡት በዚያው ኤስሲ በሚባለው ትእዛዝ ነው። ጸሐፊው ፓዙን በጥቅስ ውስጥ አድርጎ ይጽፋል፤ ኮዱን ሲያየው ጥቅሱ አለ። ግን ያ ጥቅስ ሬጂስትሪው ድረስ አይደርስም። «ይኼ ሁሉ አንድ ቃል ነው» የሚለውን ለትእዛዙ ብቻ ነግሮ እዚያው ይቀራል። ሬጂስትሪ ላይ የሚጻፈው ራቁቱን ነው። እዚያ እንዲደርስ ከውጪው ጥቅስ ውስጥ ሌላ ጥቅስ በጀርባ ሰረዝ አስቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል። ከዚያ ጸሐፊው በራሱ ኮምፒውተር ይሞክረዋል፣ ሰርቪሱ ይነሣል፣ ደስ ብሎት ወደ ቡናው ይሄዳል። እንደሚገባው ስለሚሠራ ማንም ጎዶሎውን አያይም። «ስንት ደንበኛ ጋ እየሠራ ነው» ያሉሽ ለዚህ ነው። ዋሽተው አይደለም፤ እውነትም ይሠራል።

በፕሮግራም ለሚመዘግብም ያው ነው። ክሪኤት ሰርቪስ የሚባለው የዊንዶውስ ፈንክሽን የማይክሮሶፍት ማብራሪያ ላይ፣ ፓዙ ስፔስ ካለው በጥቅስ መታጠር እንዳለበት ከነምሳሌው ተጽፏል። ማን ያነባል?

ሌላው ሎካል ሲስተም ነው። ለባክአፕ ያ ሁሉ ሥልጣን ምን ያደርጋል? ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሰርቪስ የራሱ ቨርቹዋል አካውንት መስጠት ይቻላል። ፓስወርድ አያስፈልገውም። ዳታው ያለበትን ፎልደር ብቻ ትፈቅጂለታለሽ። እንዲህ ሲሆን ሰርቪሱን የጠለፈ ሰው እንኳ የሚያገኘው የባክአፕን አቅም ነው። ግን ይኼን አንቺ በራስሽ አትቀይሪው። ሶፍትዌሩ ምን ምን እንደሚነካ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

«ሪፖርት ወጥቶብናል» ብለሽ ከደወልሽ የሚመልሱልሽ የሽያጭ ሰዎች ናቸው። በጽሑፍ ላኪና «ለፕሮግራመሩ ይድረስልኝ» በዪ። እንዲህ ብትዪ ይገባዋል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የባክአፕ ሰርቪሳችሁ ኢሜጅ ፓዝ ስፔስ እያለው በጥቅስ አልታጠረም። የተጫነበትን ፎልደር ማንኛውም ዩዘር መለወጥ ይችላል። ሰርቪሱ የሚሠራው በሎካል ሲስተም ነው። ሦስቱ ሲደመሩ ተራ ዩዘር ሙሉ ሥልጣን ያገኛል። የመጫኛ ፋይሉ ፓዙን በጥቅስ እንዲመዘግብ፣ ፕሮግራሙ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ እንዲጫንና ዳታው ተለይቶ እንዲቀመጥ እንድታስተካክሉ እንጠይቃለን።»

«አደገኛ»፣ «ሃከር» የሚሉትን ቃላት አታስገቢ። ፕሮግራመር ከተደናገጠ መከላከል ይጀምራል። ሦስቱን እውነታ ከደረደርሽለት ራሱ ይደምረዋል።

ጓደኛሽ ጊዜ ካለው ደግሞ ሲስኢንተርናልስ ከሚባሉት የማይክሮሶፍት መሣሪያዎች ውስጥ ፈቃድ የሚያሳየውን አክሰስቼክ ያሂድበት። ፎልደሩ ደህና ሆኖ የሰርቪሱ ራሱ ወይም የሬጂስትሪው መስመር ፈቃድ ልቅ የሆነበት ሶፍትዌርም አለ። ያኔ ፋይል መቀየር ሳያስፈልግ ፓዙን ራሱ ወደ ሌላ ማዞር ይቻላል።

---

ሽምብጥ_ነኝ፦

ጋሽ ጠጋኙ፣ ኮድና ቡና፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዳሞት፣ አንተንም ይቅር ብያለሁ።

ኢፌክቲቭ አክሰስ ላይ የማታ ፈረቃውን ስም ሳስገባ ፍጹም ቁጥጥር ከሚለው በቀር ከሞላ ጎደል ሁሉም አረንጓዴ ነው። ሥራ አስኪያጁን ጠርቼ አሳየሁት። ሲደብሊውኢ ምናምን ከምለው ይልቅ አረንጓዴው ምልክት ቶሎ ገባው።

የካሜራውን ሰርቪስ አጥፍቻለሁ። የሆቴሉን እንደገና መጫን አልቻልኩም፤ የፈቃድ ቁልፉን እንደገና ለማንቃት ሌላ ክፍያ አለ አሉኝ። ስለዚህ እንግዶች ወጥተው አዲስ እስኪገባ ባለው ሰዓት ፎልደሩን ቆለፍኩ፣ ጥቅሱንም አስገባሁ። ኦውነሩ አድሚኒስትሬተርስ ነበር። ሰርቪሱ በሰላም ተነሣ። ግን ከሪሴፕሽን አካውንት ሶፍትዌሩን ስከፍት ገና ስሙን አሳይቶ ይዘጋል። በአድሚን ሲከፈት ይሠራል። ለጊዜው ፈቃዱን መልሼዋለሁ፤ እንግዳ ቆሞ እየጠበቀ ነበር። ምን ላድርግ?

---

ጠጋኙ፦

ደህና አድርገሻል፤ እንግዳ አይቆምም። ሶፍትዌሩ የተጫነበት ፎልደር ውስጥ የሆነ ነገር መጻፍ ይፈልጋል። ሎግ ወይም ሴቲንግ ይሆናል። ዳታውን ለየብቻ ማስቀመጥ ያልለመደ ሶፍትዌር ሁሉ እንዲህ ነው።

የት ላይ እንደሚጽፍ አትገምቺ። ከዚያው ከሲስኢንተርናልስ ፕሮሰስ ሞኒተርን አውርጂ። ፎልደሩን መልሰሽ ቆልፊ፣ ፕሮሰስ ሞኒተርን በአድሚን አስነሺ፣ ውጤታቸው «አክሰስ ዲናይድ» የሆኑትን ብቻ እንዲያሳይሽ ፊልተር አድርጊ። ሶፍትዌሩን በሪሴፕሽን አካውንት ክፈቺው። የተከለከለበትን ፋይል በስሙ ያወጣልሻል።

ንዑስ ፎልደር ከሆነ ለሪሴፕሽን አካውንቶቹ ሞዲፋይ የምትሰጪው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ኢኤክስኢና ዲኤልኤል (ፕሮግራሞች የሚጠሩት የኮድ ፋይል) ያለበት ፎልደር እንደተቆለፈ ይቆይ። የምትከፍቺው ፎልደር ውስጥ ዲኤልኤል ካገኘሽ ቆም በዪ። ሰርቪሱ ያንን የሚያነሣ ከሆነ ያው ዞረሽ የጀመርሽበት ነሽ። ዋናው ፎልደር ውስጥ ያለ አንድ የሴቲንግ ፋይል ከሆነ ደግሞ ፈቃዱን ለዚያ ፋይል ብቻ ስጪ። ከመስጠትሽ በፊት ግን በኖትፓድ ከፍተሽ አንብቢው። ባክአፑ የሚያስነሣው ፕሮግራም አድራሻ እዚያ ከተጻፈ እንዳትከፍቺው፤ ለሰዎቹ ተዪላቸው።

---

ሽምብጥ_ነኝ፦

ሁለት ቦታ ነው ያወጣልኝ። አንዱ «ሎግ» የሚል ንዑስ ፎልደር ነው፤ ውስጡ የጽሑፍ ፋይል ብቻ ነው ያለው። ሌላው ዋናው ፎልደር ውስጥ ያለ የሴቲንግ ፋይል ነው። ሳነበው የፕሪንተሩ ስም፣ የቋንቋ ምርጫና የመስኮቱ መጠን ነው የተጻፈው፤ ስለ ባክአፕ ምንም የለበትም። ለሁለቱ ብቻ ሞዲፋይ ሰጠሁ። ከሪሴፕሽን አካውንት ተከፈተ። ክፍል መዝግቤ፣ ደረሰኝ አትሜ አየሁት። ኢፌክቲቭ አክሰሱንም ደገምኩት፤ የማታ ፈረቃው አሁን ማንበብና ማስነሣት ብቻ ነው ያለው።

የኮድና ቡናን መልእክት ቃል በቃል ላክሁላቸው። በማግሥቱ ሌላ ሰው ደወለ፤ ፕሮግራመሩ ራሱ ነው። የመጫኛ ፋይሉን አይቼዋለሁ፣ ጥቅሱ አለ፣ ሬጂስትሪ ላይ ግን የለም፣ ግራ ገብቶኛል አለኝ። የጀርባ ሰረዙን ነገርኩት። የሪፖርቱን ገጽ ላኪልኝ ብሎኝ በቴሌግራም ልኬለታለሁ። የፕሪንተሩን ሰርቪስ ነገ አስተካክለዋለሁ።